ቀይ ቀለም የተቀባችው ቁልፍ

ታማዮ፣ ማክሰኞ ኖቬምበር 9 ቀን 2004

"መመሪያውን አንብበው" አልሽኝ አይደል? ምኑን ላንብበው? ከሪሞቱ ጋር የላክሽው መጽሐፍ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ዶሮ የጫረችው የሚመስል የቻይና ጽሑፍ ነው። የኛ ቋንቋ ያለበት ገጽ ተገንጥሎ የለም። እኔ ደሞ የዕቃ ሆድ ከፍቼ አይቼ የምሠራ ሰው እንጂ ወረቀት ላይ አፍጥጬ የምውል ተማሪ አይደለሁም። ተማሪ ብሆን ኖሮ ስድስተኛ ክፍል ላይ መች እተወው ነበር።

ይቅርታ፣ ሰላምታውን ረሳሁት። ዳማሪስ፣ እንዴት ነሽ? የሆቴሉ አልጋ ማንጠፍ ወገብሽን እንዴት አደረገው? እኔ ደህና ነኝ፣ መቼ ታምሜ አውቃለሁ። አባባም ደህና ናቸው፤ ይበላሉ፣ ይጮሃሉ፣ ይሰድቡኛል። የምጽፍልሽ ናፍቀሽኝ እንዳይመስልሽ። ስልክ ላይ ገና "ስሚኝማ" ስል ጆሮዬ ላይ ትዘጊብኛለሽ። ወረቀት አይዘጋም። እስከ መጨረሻው ትሰሚኛለሽ።

ዕቃው በሙሉ ደርሷል። ቴሌቪዥኑን ሹፌሩ ፔላዮ በፍራሽ ጠቅልሎ፣ አውቶብሱ ጣሪያ ላይ አስሮ፣ ሙሽራ የጫነ ይመስል እየተጠነቀቀ ነው ያመጣው። አምፕሊፋየሩም አለ፣ አምስቱ ስፒከርም አለ። ሆቴላችሁ ዕቃ ሲቀይር አሮጌውን ለሠራተኛ መስጠቱ ጥሩ ነው፣ ግን ሪሞቶቹን ማስቀረት ምን የሚሉት ንፉግነት ነው? ሰው ጫማ ሰጥቶ ክሩን ያስቀራል?

እንግዲህ ሁሉንም ያዛል ባልሽው ሪሞት እጅ ወደቅኩ። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ኮድ አለው። የቴሌቪዥኑ ስም ሥር ብቻ የቁጥር መዓት ተደርድሯል፣ የትኛው እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም። አንዱን ታስገቢያለሽ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ታነጣጥሪያለሽ፣ ምንም። ሌላውን ታስገቢያለሽ፣ ምንም። መሀል ላይ ከተሳሳትሽ ያቺ ትንሿ መብራት ብልጭ ብልጭ ብላ ትስቅብሽና ትጠፋለች፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ጣቴ ደነዘዘ። አንዴማ ተናድጄ ወረወርኩት። ሶፋው ላይ ነው፣ አትጩኺ።

ግን እኔ ማነኝ? ዊልኪን ነኝ! እዚህ ከተማ ውስጥ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ የመኪና ቴፕ ከሰማሽ እኔ ያስገባሁት ነው። ዛሬ ጠዋት ቴሌቪዥኑ እሺ አለ፣ ከሰዓት አምፕሊፋየሩ እሺ አለ። ከዚያ ሁለቱን በአንዴ የምታስነሳ አንዲት ቁልፍ አዘጋጀሁ። ትተሽው በሄድሽው የጥፍር ቀለም ቀይ ቀባኋት። የቀሩትን ቁልፎች በሙሉ በፕላስተር ሸፈንኳቸው፣ የአባባ እጅ ሲንቀጠቀጥ ሌላ እንዳይነካ። ሪሞቱ የቆሰለ ሰው መስሏል፣ ግን ይሠራል።

ስጋትሽን አውቀዋለሁ፣ በየደብዳቤው አትድገሚብኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤዝቦል ሲዳኙ የኖሩ ሰው ጨዋታ ሳያዩ አያድሩም። ለዚያ ብለው በየምሽቱ አውራ ጎዳናውን ተሻግረው ቻጎ ሱቅ ይሄዳሉ። ጆሯቸው ደሞ የጭነት መኪና ጥሩንባ አይሰማም። አንድ ቀን መኪና ይበላቸዋል ብለሽ ነው ይሄን ሁሉ ዕቃ የላክሽው። ገብቶኛል። ከእንግዲህ አይሻገሩም። ቅዳሜ የአባባ ቡድን ቢጫዎቹ ይጫወታሉ፣ ሰፈሩን በሙሉ ጠርቻለሁ። ያንን ቀይ ቁልፍ አባባ ራሳቸው ናቸው የሚጫኑት።

ወንድምሽ፣ የሪሞቱ ጌታ
ዊልኪን


ባቫሮ፣ ሐሙስ ኖቬምበር 11

ዊልኪን፣

ሰላም ነህ? ሰፈሩን ምን ቆርጦህ ጠራህ? መጀመሪያ ይሥራ፣ ከዚያ ትፎክራለህ።

ራዳሜስ እዚህ ሆቴል ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው ነው። ጠይቄው ነበር። እነዚህ ቴሌቪዥኖች አንዱ እንግዳ ሌላውን እንዳይረብሽ ድምፃቸው ተቆልፏል አለኝ። የፈለግከውን ያህል ብትጫን ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ ቢል ነው፣ ለአባባ ጆሮ አይሆንም። ስለዚህ ድምፁ የግድ በአምፕሊፋየሩ በኩል መውጣት አለበት። ሁለቱም አብረው ካልበሩ ምንም ዋጋ የለውም። "መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አስቦበታል?" ብለሽ ጠይቂልኝ ብሏል። እኔ አልገባኝም፣ አንተ ከገባህ።

እሁድ ከሰዓት ቻጎ ሱቅ እደውላለሁ። አባባን እጃቸውን ይዘህ አሻግርልኝ። እጃቸውን ይዘህ ነው ያልኩት። ለገና ትመጫለሽ ወይ ያልከውን ደግመህ አትጠይቀኝ፣ ዲሴምበር ሆቴሉ የሚሞላበት ወር ነው።

ለአባባ ሳሙናና ፎጣ ልኬያለሁ። ፎጣውን መኪና እንዳትወለውልበት።

ዳማሪስ


ታማዮ፣ ሰኞ ኖቬምበር 15

ስለ ቅዳሜው እንዳትጠይቂኝ። ብትጠይቂኝም አልነግርሽም። እሺ፣ እነግርሻለሁ።

ያንን ራዳሜስ የምትይውን ሰውዬ ግን መጀመሪያ ንገሪልኝ፦ እኔ ላይ ነገር አይጣል። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አስበሃል ወይ ብሎ አፉን ከከፈተ በኋላ ነው የጠፋው። ሟርተኛ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴሌቪዥኑን እንደ ማንኛውም ጨዋ ቤት ከባትሪው ጋር አያይዤዋለሁ፣ መብራት ሲሄድ ባትሪው ይይዘዋል። አምፕሊፋየሩን ግን ባትሪው አይችለውም፣ ሆዳም ነው፣ ከመንገዱ መስመር ነው የሚበላው። ቤቱ ሞልቷል፣ ሰው መስኮት ላይ ሁሉ ተንጠልጥሏል፣ አባባ ቀዩን ተጫኑ፣ ሥዕልም መጣ፣ ድምፅም መጣ። እጅ ተጨበጨበልኝ፣ እውነቴን ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ መብራት ሄደ። ቴሌቪዥኑ አለ፣ አምፕሊፋየሩ ሞተ። ትንሽ ቆይቶ መብራት መጣ። አባባ ቀዩን ተጫኑ። አምፕሊፋየሩ በራ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፋ! እንደገና ተጫኑ። ቴሌቪዥኑ በራ፣ አምፕሊፋየሩ ጠፋ! ያቺ ቁልፍ "ብሩ" አይደለም ለካ የምትለው። "የበራህ ጥፋ፣ የጠፋህ ብራ" ነው የምትለው። አንዴ ከተዛነፉ በኋላ እስከ ዕለተ ምጽአት ብትጫኛት አይገናኙም።

እኔ ተነስቼ ቴሌቪዥኑን በእጄ አስተካከልኩት። ወዲያው መብራት ደገመው። የሰውን ሳቅ ብትሰሚ! "ዊልኪን፣ ድምፁን ዛሬ አሰማን፣ ሥዕሉን ነገ ታሳየናለህ" አለኝ አንዱ። አባባ ደሞ ቴሌቪዥኑ በጠፋ ቁጥር እንደ ድሮው አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው "ወጣ!" እያሉ ይዳኛሉ። መጨረሻ ላይ ሪሞቱን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝና "አንዱ ሲመጣ አንዱ ይሄዳል። ልክ እንደ ልጆቼ" አሉ።

ቀልድ ነው ብዬ ሳቅኩ። ማታ ሳስበው ግን አላሳቀኝም። እኔ ከዋና ከተማ ስመለስ አንቺ ሻንጣሽን ይዘሽ በር ላይ ነበርሽ።

እሁድ ስልክ ላይ ያልመጡት ደክሟቸው ነው። ሌላ ምንም የለም። ሆቴላችሁ የሚጥለው እግር ማሳረፊያ በርጩማ ካለ ላኪልኝ፣ ለስለስ ያለ። ለምን ብለሽ አትጠይቂ፣ ለቤት ማሳመሪያ ነው።

ያ ሰውዬሽ መፍትሔ ካለው ይናገር፣ ከሌለው ዝም ይበል።

ዊልኪን


ታማዮ፣ ሰኞ ኖቬምበር 22

"ዋሸኸኝ" ብለሽ ጻፍሽልኝ? አልዋሸሁሽም! ዝም ማለት መዋሸት የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? ፔላዮ ነው አይደል የነገረሽ? ሹፌር ነው ወይስ ሬዲዮ? ደብዳቤ አድርስ ብለው ወሬ ያደርሳል።

አዎ፣ እግራቸው ጄሶ ውስጥ ነው። ቁርጭምጭሚታቸው ነው፣ ግራው። ሐኪሙ ይድናል ብሏል። ያቺ ቅዳሜ እኔ ከዚያ እርጉም ሪሞት ጋር ስታገል፣ ሰው ሲስቅብኝ፣ ለካ አባባ ተነስተው ወጥተዋል። ጨዋታው አልቆ ነበር መሰለሽ? ገና አምስተኛው ዙር ነበር። ወደ ቻጎ ሲሻገሩ ሞተር ሳይክል ገጫቸው። ሞተረኛው ልጅ ጥሩንባ ነፍቷል፣ ምስክር አለ፣ ግን ለማን ነው የነፋው? መኪና ቢሆን ኖሮ ይሄን ደብዳቤ ጥቁር ለብሰሽ ነበር የምታነቢው። በቃ፣ ነገርኩሽ። አሁን ስደቢኝ። ሥራ ላይ ሆነሽ እንዳታለቅሺ ብዬ ነው ዝም ያልኩት፣ አንሶላ ላይ ስታለቅሺ አለቃሽ ያያል።

ሐኪሙ ጋ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ምን እያሉኝ እንደነበር ታውቂያለሽ? "ማን አሸነፈ?"

አሁን በዚያው ደብዳቤሽ ወደ ላከው የሰውዬሽ ምክር ልምጣ። "ቴሌቪዥኑን ከባትሪው ንቀለው፣ ሁለቱም አብረው ይጥፉ፣ አብረው ይብሩ፣ ያኔ ቁልፏ አትሳሳትም" ይለኛል። ንቀለው! ይሄ ሰው የት ሀገር ነው የተወለደው? ሆቴል ውስጥ መብራት ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ጨልሞ የኛ ቴሌቪዥን ብቻ ሲበራ፣ ያ እኮ ነው የባትሪ ክብሩ! ነቅዬ በጨለማ ልቀመጥ? ሰው ባትሪ እያለው ቴሌቪዥኑን ነቀለ ሲባል ምን እባላለሁ? ቻጎ ራሱ ከማቀዝቀዣው በፊት ቴሌቪዥኑን ነው ባትሪ ላይ የሚያደርገው፣ ሥጋው ይሽተት እንጂ ጨዋታው አይቋረጥም። አልነቅልም። ሌላ ዘዴ አምጣ በይው።

እኔ ቤት ስሆን እየተነሳሁ በእጄ አስተካክለዋለሁ። ጋራዥ ስውልስ? አባባ ሰው አልባ ድምፅ ወይ ድምፅ አልባ ሰው ይዘው ቁጭ ይላሉ። ትናንት ስገባ አንድ ክራንች ብብታቸው ሥር ገብቶ ነበር። "የት ሊሄዱ ነው?" "የትም።" በሩን ግን እያዩ ነው።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። በየደብዳቤው ራዳሜስ እንዲህ አለ፣ ራዳሜስ እንዲያ አለ። ማነው ራዳሜስ? የሆቴል ጠጋኝ ለማያውቀው ሰው ቴሌቪዥን ይሄን ያህል ይጨነቃል? እኔ የተማርኩ አይደለሁም፣ ደደብ ግን አይደለሁም።

ዊልኪን


ባቫሮ፣ ቅዳሜ ኖቬምበር 27

ዊልኪን፣

ደብዳቤህን ቀደድኩት፣ ከዚያ ቁርጥራጩን ሰብስቤ እንደገና አነበብኩት። ፔላዮ እስኪነግረኝ ድረስ ለቤት ማሳመሪያ በርጩማ ስፈልግልህ ከረምኩ። ሌላ ምን ልበልህ?

ጥያቄህን ልመልስ። ራዳሜስ የማገባው ሰው ነው። ለአባባ ፊት ለፊት ልነግራቸው ነበር ያሰብኩት፣ በስልክ ይሄን ነገር እየጮህኩ ብናገር ሆቴሉ በሙሉ ይሰማል እንጂ እሳቸው አይሰሙም። እስካሁን ዝም ያልኩት ለዚያ ነው። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም ብለህ የለ።

የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው እሁድ እሱ ይመጣል። የድምፁን ቁልፍ የሚከፍተውን ሪሞት ከአለቃው አስፈቅዶ ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ አልመጣም። ፈቃድ አይሰጡኝም። ቢሰጡኝም፣ እግራቸውን ካየሁ ወደ ሥራ የምመለስ አይመስለኝም።

ሲመጣ አፍህን ሰብስብ። ዝምተኛ ሰው ነው።

ዳማሪስ


ታማዮ፣ ሰኞ ዲሴምበር 6

ዝምተኛ? ቡና የያዘ ከረጢት ከሱ ይሻላል። ገና ከበር ሲገባ "ራዳሜስ ነኝ" አለና እስኪቀመጥ ድረስ ሌላ ቃል የለም። ለአባባ ማንጉ አቀረብኩ፣ ለሱም አቀረብኩ፤ የተፈጨውን ሙዝ ጠርጎ በላ። እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ሲበላ ሰው ነው።

አሁን ግን ይሄን አንብቢና ለሱም ጮክ ብለሽ አንብቢለት፣ እዚያ ሲደርስ አሳጥሮ እንዳይነግርሽ። ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልነበረም። ሰውዬሽ አምፕሊፋየሩን ነካ ነካ አድርጎ እንደ ሞተ ውሻ አየው።

"ቴሌቪዥኑስ?" አለኝ።

"እሱማ ይሠራል፣ ባትሪ ላይ ነው" አልኩት።

"ንቀለው ብዬህ አልነበር?"

"ብለኸኛል። ነቅዬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተህ ምን ልትጠግን ነበር? ግድግዳውን?"

ተሸነፈ! ጆሮው ቀልቷል።

ከዚያ ከቦርሳው በካልሲ የጠቀለለውን የሆቴሉን ሪሞት አወጣ። ወደ ቴሌቪዥኑ አነጣጥሮ የሆነ ነገር ተጫነ፣ ቁጥሮች መጡ፣ ተቀየሩ። ዘወር በል አላለኝም፣ ሁሉንም አይቻለሁ፣ አሁን እኔም እችለዋለሁ። ድምፁ ተፈታ። ዳማሪስ፣ ድምፁ! ያለ አምፕሊፋየር፣ ያለ ምንም፣ ራሱ ቴሌቪዥኑ ብቻ! የትናንቱን ጨዋታ ሲደግሙት ነበር፣ አስተላላፊው ይጮሃል። አባባ ቀና አሉ። መጀመሪያ እኔን አዩ፣ እኔ የጮህኩ መስሏቸው ነው። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ፣ ትንሽ አዳመጡና "ይሄ ዳኛ ዕውር ነው!" ብለው ጮኹ። አስተላላፊው ዳኛውን ሲያሞግስ ሰምተው እኮ ነው! ሰምተው! ቻጎ ሱቅ የነበረው ሰው ሁሉ መንገዱን ተሻግሮ ወደኛ መጣ። መንገዱን ማን እንደተሻገረ ልብ በይ።

ቀዩዋን ቁልፍ ግን ራዳሜስ አልነካትም። እኔ ነኝ እንደገና ያስተማርኳት። አምፕሊፋየሩን አስረሳኋት፣ ቴሌቪዥኑን ብቻ እንድታዝ አደረግኳት። ከእንግዲህ የሚዛነፍ ነገር የለም። አባባ ተጫኑ፣ ሥዕልና ድምፅ። ተጫኑ፣ ጠፋ። ተጫኑ፣ ሥዕልና ድምፅ። ሕፃን ልጅ በር ሲከፍትና ሲዘጋ አይተሽ ታውቂያለሽ? እንደሱ። ማታ መብራት መጣ፣ ደሞ ሄደ፣ ቴሌቪዥኑ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ሰውዬሽ ነገሩን ተናገረ። ልጅዎን ላገባ ነው ብሎ ጆሯቸው ሥር ጮኸ፣ ጎረቤት ሰማ። አባባ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት። "የማን ደጋፊ ነህ?" አሉት። ከቴሌቪዥኑ ጋር እንዲያ ተጠንቅቆ የሠራ ሰው እዚህ ላይ ምነው ቢጠነቀቅ! "የሰማያዊዎቹ" አላቸው። በዚህ የቢጫዎቹ ቤት! አባባ ጄሶውን በርጩማው ላይ እንዳጋደሙ አውራ ጣታቸውን ቀስረው "ወጥተሃል!" አሉት። ሳቁ ጣሪያውን ሊነቅለው ነበር። እሱም ሳቀ፣ ጥርስ አለው ለካ።

እዚህ ላይ ብጨርስልሽ ደስ ይለኝ ነበር። አላለቀም።

ሰው ከተበተነ በኋላ አባባ ቴሌቪዥኑን አዩት፣ ሪሞቱን አዩት። "ሥዕልም አለ፣ ድምፅም አለ" አሉ። "ልጅቷስ?"

ራዳሜስ እኔን አየኝ፣ እኔ ራዳሜስን አየሁት። "ሥራ በዝቶባት ነው" ብሎ ጮኸላቸው። "እህ?" አሉ። እንደገና ጮኸ። "እህ?" አሉ። ዕውር ዳኛ ያሉትን ሰው ሙገሳ የሰማ ጆሮ ይሄን አይሰማም? ከዚያ ቀዩዋን ቁልፍ ተጫኑ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፋ፣ ሪሞቱን ትራሳቸው ሥር ከተቱት። "ዳማሪስ መጥታ ታብራው" አሉ። አለቀ። ልመና የለ፣ ምን የለ። እኔ በእጄ ላብራው ብነሳ ክራንቹን አነሱብኝ።

ይታይሽ እንግዲህ! አንድ ወር ሙሉ ጣቴ እስኪደነዝዝ የለፋሁበት ዕቃ ተስተካክሎ ቁጭ ብሏል፣ የሚያበራው የለም። የዚህ ሀገር መብራት ኃይል ያላሸነፈኝን እኔን አንድ ሽማግሌ በትራስ አሸነፈኝ። ቅዳሜ ቢጫዎቹ ከሰማያዊዎቹ ጋር ይጫወታሉ። አባባ "እቻጎ ጋ አየዋለሁ" ብለዋል። ክራንቹን ዛሬውኑ በሩ ላይ አስደግፈውታል። በጄሶ እግር፣ በጨለማ፣ ያንን መንገድ። እኔ ልይዛቸው እችላለሁ ብለሽ ታስቢያለሽ? ያደግሽበት ቤት ነው፣ አንቺም ታውቂያቸዋለሽ።

ስለ ፈቃድ አትንገሪኝ። እግራቸውን ካየሁ አልመለስም ያልሽውንም አትንገሪኝ። እኔ በየቀኑ ነው የማየው፣ ጋራዥ ግን እሄዳለሁ። ሰውዬሽ ያንን ሪሞት ከአለቃው አስፈቅዶ ካመጣ አንቺ ራስሽን ማስፈቀድ አያቅትሽም። ና ብለሽም እሱን ይዘሽው ነይ፣ ሰማያዊ ልብስ ብቻ እንዳይለብስ።

ፔላዮ ረቡዕ ማለዳ ከባቫሮ ይነሳል። መልስሽን በእጁ ስጪው። ሰላምታ አልፈልግም፣ ሳሙና አልፈልግም፣ ምክንያት አልፈልግም። ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት ትደርሻለሽ፣ አትደርሺም? አንድ ቃል ጻፊና ላኪ፣ ቶሎ!

ዊልኪን